የአቡጀዴ ሰማይ

መጋቢት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ፕሮጀክተሩ መጣ! ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ጭኔ ላይ ታቅፌው ወረድኩ። እንዳይነቃነቅ በጋቢ ጠቅልዬዋለሁ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለማው ዋጠን፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ድምጿን ዝግ አድርጋ «ልጁ ተኛ?» አለችኝ። «ተኝቷል» አልኳት። ምን ልበላት? ቁልቁለቱን እስክንጨርስ እሷም ከእኔ እኩል ስትጠነቀቅለት ነበር።

አሮጌ ነው። የድሮ አስተማሪዬ «እዚህ አቧራ ከሚጠጣ ውሰጂው» ብሎ ነው የሰጠኝ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄደን፣ በአየር የሚነፋ ድንኳን ውስጥ አስገብተው የሌሊቱን ሰማይ በጠራራ ፀሐይ አሳዩን። በጀርባዬ ተንጋልዬ አየሁትና ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ዘጠነኛ ክፍሎቼ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ክብ ስዬ «ይሄ ጁፒተር ነው» ስላቸው አደብ ገዝተው ይጽፋሉ፤ ማመን ግን አያምኑኝም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም። እንዲያ ያለ ድንኳን መግዛት አልችልም። መሥራት ግን ማን ከልክሎኝ!

ደብረ ብርሃን እማዬ ቤት አልገባሁም። መኪናው እንዳያመልጠኝ ነው። (ለነገሩ እስኪሞላ መናኸሪያ ቁጭ ብለን ውለናል።) ነገ እደውልላታለሁ።

መጋቢት 9

ጋሽ ተሰማ አሮጌውን ዕቃ ቤት «ለጊዜው» ፈቀዱልኝ። ርዕሰ መምህራችን ሁሉንም ነገር ለጊዜው ነው የሚፈቅዱት፤ ሲስቁ እንኳ ለጊዜው ይመስላሉ። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ኸይረዲን በያጁ ፌሮውን ቆልምሞ የድንኳኑን አጥንት ጀመረልኝ። «ቲቸር፣ የዶሮ ቤት ነው?» አለኝ። «የሰማይ ቤት ነው» አልኩት። ብረቱን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና «በሩ በየት በኩል ይሁን?» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነፍሴ ነው።

መጋቢት 15

በጥድፊያ። አቡጀዴው ተገዛ። አከራዬ እትዬ ሐረገወይን በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናቸው እየሰፉልኝ ነው። «ይሄ ሁሉ አቡጀዴ ስንት ሰው ልትገንዢበት ነው?» ይላሉ፤ ግን ስፌታቸው ቀጥ ያለ ነው። ሆዱ ወጣ ያለ መስታወት ቀረኝ፤ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ተቀብሎ ጣራው ላይ የሚበትነው እሱ ነው። አስፋልቱ ዳር ያለው ሆቴል መኪና መውጫው ላይ አንድ ተሰቅሏል። ባለቤቱን ለምኜ ተዋስኩ። «ሾፌሮቹ ቢጋጩ በአንቺ ነው» አለኝ። ይጋጩ።

ለእማዬ አልደወልኩላትም። ስትደውል የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ወደዚህ የመዛወሪያውን ቅጽ ሞላሽ?» ነው። ሥራ በዝቶብኛል።

መጋቢት 21

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ልጆች አስገባሁ! ሰሌን አንጥፈን ተጋደምን፤ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ሊጋግረን ነበር። የሰማዩን ፕሮግራም ከፈትኩ፣ ቀኑን ዛሬ አልኩ፣ ሰዓቱን «1» ብዬ አስገባሁ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማለቴ ነው። ጣራው ላይ ኮከብ ፈሰሰ። ልጆቹ በአንድ ላይ «ውይ!» አሉ። እኔ ግን ኦሪዮን የሚባሉትን ከዋክብት አናታችን ላይ ፈልጌ አጣኋቸው። ፕሮግራሙን ረገምኩ፣ ኮምፒዩተሩን ረገምኩ፣ መስታወቱን ወለወልኩ። ለካ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ «1» ስለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወስዶናል። የፊዚክስ መምህርት! በወረቀት ጽፌ ኮምፒዩተሩ ላይ ለጠፍኩ፦ «የማታ ሰዓት ከሆነ አሥራ ስምንት ደምሪ።»

ከዚያ ቀኑን በፍጥነት አስኬድኩት። ፀሐይ ወጣች፣ ዞረች፣ ገባች፣ ከዋክብቱ ዞሩ። አንድ ልጅ የሚወድቅ መስሎት ሰሌኑን ጨመደደ። «የሚዞረው ሰማዩ ነው ወይስ እኛ?» ስላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ከደብተር ሳይሆን ከሆዳቸው ፈለጉት።

ሰሀር ብቻ ፊቷን አኮሳተረች። ከቀወት ገጠር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ናት፤ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ።

«ቲቸር፣ ይሄ የእኛ አገር አይደለም።»

«እንዴት?»

«ፀሐይዋ ሜዳ ላይ ገባች። ተራራው የታለ?»

መጋቢት 24

ተራራውን አስገባሁት! ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሜ ዙሪያውን በስልኬ አነሳሁ፣ ፎቶዎቹን ቀጣጠልኩ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀ። ዛሬ ጣራው ላይ ፀሐይ በስተምዕራብ ወርዳ ከራሳችን ገደል ኋላ፣ ከጣርማ በር በኩል፣ ስትገባ ልጆቹ ጮኹ። አጨበጨቡ! «ያ ከእኛ ቤት በላይ ነው!» «ያቺ ዛፍ!» ከዋክብቱን ረስተው ተራራቸውን ያያሉ። የሰሀር ጥርስ አልተከደነም።

ጋሽ ተሰማ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። አጎንብሰው ገቡ፣ አዩ፣ ወጡ። «ለጊዜው ጥሩ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ሽልማት ነው።

መጋቢት 28

እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም! እያንዳንዱን ልጅ የተወለደበትን ሌሊት ሰማይ አሳየዋለሁ። የራሱ ሌሊት ከሆነ መቼም አይረሳውም። ዛሬ ሁሉንም አስመዘገብኳቸው። ግን ስማቸው አስቸገረኝ፤ መሐመድ አሕመድ ሁለት፣ ሰይድ መሐመድ ሦስት፣ የአያት ስም ሳይቀር የሚገጥም አለ። «የእናታችሁንም ስም ጻፉ» አልኳቸው፤ ወዲያው ተለየልኝ። ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለዱበት ቀን። ሥራ ማለት እንዲህ ነው!

አንድ ችግር ብቻ፦ ግማሹ ክፍል መስከረም 1 ነው የተወለደው። አንደኛ ክፍል ሲመዘገቡ እንዲሁ የተሞላ ነው። ሰሀርም መስከረም 1 ናት። «እናቴ ግን አይደለም ትላለች» አለችኝ። «ታዲያ መቼ ነው?» «ስጠይቃት ሥራሽን ሥሪ ትለኛለች።»

መጋቢት 30

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እትዬ ሐረገወይን ቀስ ብለው ክፍሌ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። «ልጄ፣ እንግዲህ ለሰው ልጅ ሁሉ ካየሽ ለእኔም እይልኝ» አሉ። መተማ ያለው ልጃቸው ይመጣ እንደሆን ነው የፈለጉት። «የእናቱን ስም ታውቂዋለሽ፤ ሐረገወይን ብለሽ ቁጠሪ።» እኔ መምህር እንጂ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «በጾም አልጠይቅሽም ነበር፤ ቸግሮኝ ነው» ብለው ወጡ። ደግ ሴት ናቸው፤ የማያመጡት ነገር የለም።

ሚያዝያ 6

ልጆቹ ግማሽ እንኳ አልመጡም። የፋሲካ ሰሞን ስለሆነ ነው፤ ሰው ከዘመድ አልተመለሰም።

ግን ሰሀር ምን ፋሲካ አላት? ሁለቱ መሐመዶችስ?

ሚያዝያ 8

ጋሽ ተሰማ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ቁጭ በይ አላሉኝም።

«ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለዱበት ቀን» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ምን ቀረሽ ቤዛዊት? ቀይ ዶሮ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይሄን አገር ከሚያውቅ ሰው፣ በእናት ስም ኮከብ እንደሚቆጠር፣ ጠንቋይ ቤት የሚጠየቀው ይሄው መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ሴትዮ ሲያስቆጥሩ በአጥር አጮልቄ አይቻለሁ! ደስታው አሳወረኝ። በዚያ ላይ ጨለማ ቤት፣ ክብ ድንኳን፣ ነጭ አቡጀዴ። እትዬ ሐረገወይን በሩን ዘግተው ሲጠይቁኝ እንኳ ሳቅኩባቸው እንጂ አልነቃሁም። ድንቄም መምህር።

ቤተ ክርስቲያን ተወርቷል፣ መስጊድ ተወርቷል። ሚያዝያ 18 እሑድ የወላጆች ስብሰባ ተጠርቷል። ወላጆቹ ካመኑበት ይቀጥላል፤ ካላመኑበት ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ልጆቹም ወደ ጠመኔው ክብ ይመለሳሉ። እስከዚያ ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከእሳቸው ዘንድ፣ ኮምፒዩተሩም ከውስጥ።

«ለጊዜው ነው?» አልኳቸው። ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሚያዝያ 10

ገበያ ሄጄ የሰሀርን እናት አገኘኋቸው። ናፊሳ ይባላሉ። ማሾና ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ ወሬውን ለገጠሩ ሴት ሁሉ ያደረሱት እሳቸው መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ስሜን ስናገር ማሾውን መስፈራቸውን አላቆሙም።

«አንቺ ነሽ ልጄን በስሜ ያስቆጠርሽው?»

«እትዬ ናፊሳ፣ ይስሙኝ፣ ጥንቆላ አይደለም። ስማቸው እየተመሳሰለ አስቸግሮኝ ነው እንጂ...»

«የእናትን ስም ምን አመጣው ታዲያ? ይሄ ሐራም ነው። ከሷ በፊት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ፤ እሷን ለማንም ዓይን አልሰጥም።»

«እኔ የማሳያት አላህ የሠራውን ሰማይ ነው። የተወለደችበትን ሌሊት...»

ቀና አሉ። «የተወለደችበትን ሌሊት! መስከረም አንድን ነው? ወላሂ፣ የዘጠና ሁለቱ የአረፋ ዋዜማ ነው የወለድኳት፣ መንገድ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ። ያን ሌሊት የማውቀው እኔ ነኝ። አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ?»

«ስብሰባው ላይ ይምጡ» ብቻ አልኩና ተመለስኩ።

ማታ

ተናድጄ ነው የገባሁት፣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። የአረፋ ዋዜማ! የዘጠና ሁለት አረፋ መቼ ዋለ? አረፋ የሚውለው በእስላም ወር አሥረኛ ቀን ነው፤ ዋዜማው ማለት ጨረቃዋ የዘጠኝ ቀን ግድም ናት ማለት ነው። በወረቀት ስደምር ስቀንስ መጋቢት 6 ላይ ወደቀልኝ። ኸይረዲን ጋ ሮጥኩ። አባቱን ጠየቀልኝ፤ «ድርቁ ዓመት፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው፣ በግ ጠፍቶ ነበር» አሉ። ሰሀር እውነተኛ ልደት አላት!

ኮምፒዩተሩ ተቆልፎበት እንጂ አሁኑኑ ባየሁት። ያን ማታ ከተራራው በላይ ምን ነበር?

ሚያዝያ 13

እማዬ ደወለች። አላነሳሁም። ድምፄን ስትሰማ ታውቅብኛለች። እንደገና ደወለች።

ትናንት መንገድ ላይ አንዲት እናት ልጇን ወደ ማዶ አሻገረችብኝ። እትዬ ሐረገወይን «ለጠንቋይ አከራየሽ እየተባልኩ ነው» አሉኝ፤ ግን ራት አቀረቡልኝ። ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። ድንኳኑ ቢፈርስ የዝውውሩን ቅጽ ሞልቼ እሄዳለሁ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ቤቴ ነው፣ ይሻለኛል። እንደዚህ ሳስብ ለምን እንደሚያስለቅሰኝ አላውቅም።

ሚያዝያ 17

ጋሽ ተሰማ ነገ ከስብሰባው በፊት በሩን ይከፍቱልኛል። ሰሌን፣ ማራገቢያ፣ ጀነሬተር ለመጠባበቂያ። ሴቶቹ ይቅደሙ፣ ወንዶቹ ቀጥለው። ሁለቱ አንድ ላይ ጨለማ ውስጥ አይሆንም፤ ሁለተኛ ሞኝነት አልሠራም። ደግሞ ማንንም ስም አልጠይቅም።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ

ከሥሩ ልጻፈው።

ወላጆቹ ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት በአንድ ወገን፣ የገጠሮቹ በሌላ ወገን። ጋሽ ተሰማ ተናገሩ። እኔ ተናገርኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ጥፋቴን ተናዘዝኩ፣ የመዘገብኩበትን ወረቀት አውጥቼ ፊታቸው ቀደድኩት። ማንም አላጨበጨበም። «ገብታችሁ እዩት» አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ሊነሱ ሲሉ ሚስታቸው ጎትተው አስቀመጧቸው።

ናፊሳ ተነሱ። ሰሀርን ክንዷን ይዘዋታል።

«እኔ እገባለሁ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ግን እኔ ነኝ የምጠይቃት። ሰሀር የተወለደችበትን ሌሊት ታሳየኝ። ምን እንዳየሁ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። የምታሳየው አላህ የሠራውን ከሆነ፣ ያ ነገር እዚያው ይኖራል። ከሌለ ውሸቷን ነው፣ ልጄም ሁለተኛ እዚህ አትረግጥም።»

«እኛም!» አሉ ከኋላ።

ሴቶቹ ተከትለዋቸው ገቡ፤ እትዬ ሐረገወይንም ስፌታቸውን እያዩ ገቡ። ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ቆሙ። ናፊሳ ሰሌኑ ላይ አልተጋደሙም፤ ቁጭ ብለው አንጋጠጡ። መብራቱን አጠፋሁት። ሙቀቱ አይነገርም። መጋቢት 6፣ ዘጠና ሁለትን ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጬ አስገባሁ።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ከመግሪብ በኋላ። አንድ ሰዓት ግድም።»

አስገባሁት። ኮከቡ ጣራውን ሞላው፤ ሴቶቹ «በስመ አብ!» «ያ አላህ!» አሉ። ጨረቃዋ ወደ ተራራው አዘንብላለች። ናፊሳ ረጅም ጊዜ አዩ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው፣ እንደገና ወደ ምዕራብ።

«የለም» አሉ። «እንዲህ አልነበረም። ጨረቃዋም እዚያ አልነበረችም። ውሸት ነው።»

ሴቶቹ መነሳት ጀመሩ፤ አንዷ በሩን ፈለገች። የማደርገው ጠፍቶኝ ቀኑን ደጋግሜ አየሁ። ልክ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ያኔ ሰሀር ከእናቷ ጎን ሆና ተናገረች።

«ቲቸር፣ አሥራ ስምንቱን ደምረሻል?»

ወረቀቱ! በሙቀቱ ማጣበቂያው ለቆ ወድቋል። ከፍርሃቴ የተነሳ እንደዚያ ቀን «1» ብዬዋለሁ፤ እናትየዋን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። «ይቀመጡልኝ! አንድ ጊዜ ብቻ!» ብዬ ጮህኩ። አንድና አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።

ሰማዩ ተገለበጠ። ጨረቃዋ አናታችን ላይ ወጣች። በስተምዕራብ፣ ከተራራችን ጫፍ ብዙም ሳይርቁ፣ ሦስት ደማቅ ኮከቦች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ነበር።

የናፊሳ እጅ ተነስቶ አፋቸው ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው ሰሌኑ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ።

«ሰሀር፣ እነዚያ ናቸው» አሉ። «ወንዶቹ ሮቢ ወንዝ ዳር ቃሬዛውን አስቀምጠው ራቁ። ስጮህ ጊዜ እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ‹ወደ ላይ እዪ፣ ሦስቱን እዪና ግፊ› አለችኝ። ሦስቱን እያየሁ ነው የወለድኩሽ። የታችኛው ተራራው ኋላ ሲገባ ጮህሽ። የቀበርኳቸው እንደዚያ አልጮኹም ነበር።»

ሰሀር ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «ቲቸር፣ ምንድን ናቸው?» አለችኝ። «የታችኛው ማርስ፣ ከበላዩ ጁፒተር፣ ከዚያ ሳተርን» አልኩ። «ሁለቱ ላይኞቹ እንዲህ የሚቀራረቡት በሃያ ዓመት አንዴ ነው።» በጣቷ ቆጠረች። «በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት እንደገና አያቸዋለሁ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ወጥቼ።»

«አብረን» አሉ ናፊሳ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! «የኔ ልጅ በጥምቀት ማግስት ነው!» «የኔ ሽንኩርት ሲነቀል!» «የእናቱ ስም...» ስትል አንዷ፣ ናፊሳ «የእናት ስም አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ብቻ ንገሪያት!» ብለው አፏን አስያዟት። ወንዶቹ በሩን እየቆረቆሩ መቼ ነው ተራችን ይላሉ። ጋሽ ተሰማ በጨለማው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እኔ ግንቦት ነኝ፤ ጎህ ሲቀድ» አሉኝ በሹክሹክታ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ለጊዜው አላሉም።

ሚያዝያ 19

ደወልኩላት። ገና «ሃሎ» ስትል ማልቀስ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከፕሮጀክተሩ እስከ ናፊሳ። ያን ቀን ደብረ ብርሃን መጥቼ ቤት ሳልገባ መመለሴንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቅጹን አልሞላሽም ማለት ነው» አለች።

«አልሞላሁም እማዬ።»

ስለ ዝውውሩ ሌላ ሳትጨምር «እኔ የተወለድኩ ማታ ሰማዩ ምን ይመስል ነበር?» አልኳት።

«ምን ሰማይ አለ? ነሐሴ እኮ ነው። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው ነው ያደረው። ከኮርኒሱ በቀር ያየሁት የለም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ያ ድንኳንሽ ደመና ይገልጣል?» አለችኝ።

«ይገልጣል።»

«እዚያ ሙቀት ነው አይደል? ስስ ነጠላ ይዤ እመጣለሁ።»

ነሐሴ 12 ቀን 1978፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። አሥራ ስምንት ሲደመር ሃያ አንድ። ኮምፒዩተሩ ፊቴ ነው፣ ቁልፉም እጄ ላይ ነው። አልከፍተውም። መጥታ አብረን ተጋድመን ነው የማየው።